የወባ መድኃኒት ፍለጋና ማይክሮአሬይ፤ ከፓዌ አንጻር ሲታይ

በ1977 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ድርቅና ረሃብ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር ያነሣቸው ገበሬዎች በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አውራጃ፣ በበለስ ወንዝ ሸለቆ እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ ከእነርሱ የሚበዙት የደጋና የወይና ደጋ ሰዎች ነበሩ። መሬት ጠቧቸው ከከምባታና ከሀዲያ የመጡም አሉባቸው። በዚያ የሰፈራ ዘመቻ በመላው አገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ፣ ከ80,000 የሚበልጠው የደረሰው ለዘመናት የጉሙዝ ሕዝብ ሲያርስበትና ሲያድንበት ወደኖረው ወደዚሁ ሸለቆ ነበር። ለአዲሶቹ መንደሮች የተሰጣቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ በፓዌ ዛሬም ሰው የት እንደሚኖር ሲጠየቅ «መንደር 7» ወይም «መንደር 14» ብሎ ሲመልስ ይሰማል።

ፓዌ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ሙቀቱ የበረታ፣ ዝናቡም ብዙ የሆነ ቆላ ነው። እንዲህ ያለው አገር ለወባ ትንኝ የተመቸ ሲሆን፣ ከደጋ የወረደ ሰው ደግሞ በልጅነቱ ከወባ ጋር ተለማምዶ ያልቆየ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ በንዳድ መውደቁ የማይቀር ነበር። የቀድሞ ሰዎች ቆላ መውረድን ከሞት እኩል የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ወባ ወደ ደጋው ጫፍ በወጣ ጊዜ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይቷል፤ በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው። በፓዌ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወባው ወደ ሰው ሳይሆን ሰው ወደ ወባው ሄደ።

ለሰፋሪዎቹ የተዘጋጀው ዋናው መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ሃንስ አንደርዛግ የተባለ የባየር ኩባንያ ኬሚስት በጀርመን አገር የቀመመው ይህ መድኃኒት ርካሽ፣ ለመዋጥ የሚቻልና ለረጅም ዘመን እምነት የተጣለበት ሲሆን፣ መራራነቱንና በአካል ላይ የሚያስከትለውን የማሳከክ ስሜት የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። እንግዲህ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንሻው የጊዜውን መገጣጠም ነው። በበለስ ሸለቆ ሰፈራው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ዶክተር አዋሽ ተክለሃይማኖት ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ክሎሮኪንን የተላመደ የፋልሲፓረም ወባ በኢትዮጵያ መገኘቱን አስታወቁ። ደጋውን ለቅቆ የወረደው ሕዝብ የተመካበት መድኃኒት ኃይሉ መድከም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሙያው መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለም። በዚሁ አገር ከተወለዱት የሰፋሪ ልጆች አንዱ በመሆኑ ግን «መድኃኒቱ ለምን ከዳን?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ለመመለስ የፈጀው ጊዜ፣ ለመመለስም የተሠሩት መሣሪያዎች፣ በተለይም ማይክሮአሬይ የተባለው የመስታወት ሰሌዳ፣ የራሳቸው የሆነ ታሪክ አላቸው። የሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የሊቃውንትን ስም በመደርደር ሲሆን፣ በጸሐፊው አስተያየት የመሣሪያው ታሪክ ከዚያ ያላነሰ ያስተምራል።

በመጀመሪያ መገንዘብ የሚገባው፣ ታላላቆቹ የወባ መድኃኒቶች ሁሉ የተገኙት ተሕዋሲው ላይ የት ቦታ እንደሚመቱ ሳይታወቅ መሆኑን ነው። ኪኒን ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ ልጥ በ1820 እ.ኤ.አ. በፔልቲዬና በካቫንቱ ተለይቶ ሲወጣ፣ ወባን የሚያመጣው ተሕዋስ ራሱ ገና አልታወቀም ነበር። ክሎሮኪን የኪኒንን አርአያ በተከተለ የቀለምና የኬሚካል ጥበብ ተቀመመ። አርተሚሲኒንም ቢሆን በ1967 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የቻይና ምሥጢራዊ ፕሮጀክት ውስጥ ቱ ዩዩ የተባሉት ሴት ተመራማሪ የጥንት የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ገልጠው ባገኙት ፍንጭ ከአንድ ቅጠል የተገኘ ነው፤ ለዚህም ሥራቸው በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። መሐንዲስ እንደዚህ ያለውን ነገር ሲያይ አንድ ሞተር በመዶሻ ተመትቶ መቆሙን ብቻ የሚያውቅ፣ የተሰበረውን ብሎን ግን የማያውቅ ባለሙያ ትዝ ይለዋል። ሞተሩ መቆሙ ጥቅም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሌላ ቀን ያው መዶሻ ሞተሩን ማቆም ሲሳነው ምክንያቱን የሚናገር አይገኝም።

በኛም አገር ቢሆን የመድኃኒት ምርምር መነሻው እንዲሁ አስተዋይ ዓይን ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ይህም ለቢልሃርዝያ መከላከያ መንገድ መክፈቱ የታወቀ ነው። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። ከእንዶዱ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ሽልማቱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ግኝቱ በወንዝ ዳር በአንድ ቀን ሲታይ፣ ንጥረ ነገሩ ሰውንና እንስሳን የማይጎዳ መሆኑን በታወቁ ቤተ ሙከራዎች አስመርምሮ ማሳመን ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ጉዳይ ሆኗል። የጎደለው ዓይን አልነበረም፤ መሣሪያና ገንዘብ ነበር።

ወደ ወባው እንመለስ። እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ የፋልሲፓረምን ተሕዋስ ከሰው አካል ውጭ ሳያቋርጡ ማርባት አልተቻለም ነበር። በዚያ ዓመት ትሬገርና ጄንሰን በኒው ዮርክ በሰው ደም ውስጥ፣ በጠርሙስ፣ በሻማ ጭስ ኦክስጅኑን በመቀነስ ተሕዋሲውን ለማራባት በቁ። መሣሪያቸው ክዳን ያለው የመስታወት ዕቃና አንዲት ሻማ ነበረች፤ ጸሐፊው ይህን ባነበበ ቁጥር ይደነቃል። ከዚህ በኋላ ተሕዋሲውን በቤተ ሙከራ ውስጥ መጠየቅ ተቻለ። የክሎሮኪኑን ምሥጢር ለማግኘት የተከተሉት መንገድ ግን እጅግ ረጅም ሆነ። ከሆንዱራስ የመጣ መድኃኒቱ የሚገድለውን ዘርና ከኢንዶቻይና የመጣ መድኃኒቱን የተላመደ ዘር በትንኝና በቺምፓንዚ አካል ውስጥ አዳቅለው፣ ልጆቹን አንድ በአንድ መርምረው፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ጥፋቱ ያለበትን ሰፈር በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ አመለከቱ። ከሰፈሩ እስከ ትክክለኛው ቤት ለመድረስ ሌላ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ፒ.ኤፍ.ሲ.አር.ቲ. የተባለው ጂን፣ በእኛ አነጋገር ዘረ መል፣ ተለይቶ የታወቀው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ክሎሮኪን ከፋልሲፓረም ወባ ሕክምና ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። መልሱ የመጣው መድኃኒቱ ከተቀበረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን የሃያ ዓመት መንገድ ለማሳጠር ተስፋ የተጣለበት መሣሪያ ማይክሮአሬይ ነው። አሠራሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ሕይወት ያለው ሕዋስ ውስጥ ብዙ ሺህ ዘረ መሎች ሲኖሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይሠሩም። ሥራ ላይ ያለው ዘረ መል መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. የተባለ ቅጂ ያወጣል፤ የተኛው ዝም ይላል። ስለዚህ ሕዋሱ በአንድ ሰዓት ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ ለማወቅ የቅጂዎቹን ብዛት መቁጠር ይበቃል። ለዚህም በአንድ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ በየነጥቡ የእያንዳንዱን ዘረ መል ቁራጭ ያስቀምጣሉ። ዲ.ኤን.ኤ. አቻውን ፈልጎ የሚይዝ በመሆኑ፣ ከሕዋሱ የተወሰዱትን ቅጂዎች አንጸባራቂ ቀለም ቀብተው በመስታወቱ ላይ ሲያፈሱባቸው፣ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ነጥብ ፈልጎ ይጣበቃል። መድኃኒት የቀመሰውን ሕዋስ ቅጂ ቀይ፣ ያልቀመሰውን አረንጓዴ አድርገው ባንድነት ካፈሰሱ፣ በሌዘር ብርሃን ሲታይ መድኃኒቱ ያነቃቃው ዘረ መል ነጥብ ቀይ፣ ያደከመው አረንጓዴ፣ ያልተነካው ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ይህን ሰሌዳ ለመሥራት የተፈለገው ጥበብ የባዮሎጂ ሳይሆን የማሽን ጥበብ ነበር። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፓትሪክ ብራውን ቤተ ሙከራ በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሥራ በ45 የአንዲት አነስተኛ ተክል ዘረ መሎች ሲያሳትም፣ ነጥቦቹን ያተመው በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ የማሽን ክንድ ነው። የክንዱ ጫፍ የብረት መርፌ ሆኖ አፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። መርፌው ፈሳሹን በስንጥቁ ይጠጣል፤ መስታወቱን ነካ ሲያደርግ ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል የሆነ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ሳይጠልቅም ብዙ መስታወት ያትማል። የደብተራን ብርዕ ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመቃ ተቀርጾ አፉ የሚሰነጠቀው የቁም ጸሐፊ ብርዕ ቀለሙን የሚይዘውና የሚለቀው በዚያው ሕግ ነው። የብራውን ሰዎች ከዚህም ያለፈ አንድ የሚመሰገን ሥራ ሠሩ፤ የማሽኑን ሙሉ ንድፍና የአገጣጠሙን መመሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ለማንም በነፃ አወጡት። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ከገበያው ዋጋ በብዙ ባነሰ ወጪ በገዛ እጃቸው ገጣጥመዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የመጣ ነው። ስቲቨን ፎዶርና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የኮምፒዩተር ቺፕ በብርሃንና በወንፊት መሰል ጭንብል እንደሚቀረጽ ሁሉ፣ የዲ.ኤን.ኤ.ንም ፊደላት በብርሃን እየመሩ በመስታወት ላይ አንድ በአንድ ማሳደግ ይቻላል። ፊደላቱ አራት ስለሆኑ፣ 25 ፊደል ያለውን ቁራጭ ለማሳደግ ቢበዛ 100 ጊዜ ጭንብል መቀያየር ይጠይቃል፤ በዚያው 100 እርምጃ ግን አንድ ቁራጭ ሳይሆን ሚሊዮን የተለያየ ቁራጭ ማብቀል ይቻላል። ከዚህ ሥራ አፊሜትሪክስ የተባለው ኩባንያ ወጣ። ይህኛው መንገድ ጥራቱ የበለጠ ሲሆን ዋጋው ለደኻ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

መሣሪያው ለመድኃኒት ፍለጋ እንደሚረዳ መጀመሪያ የታየው በእርሾ ላይ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የእርሾን ዘረ መሎች ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ ከ6,000 በላይ ነጥብ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ለማተም ተቻለ። በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እጅግ የሚያረካ ሐሳብ አቀረበ። አንድ መድኃኒት አንድን ፕሮቲን ብቻ የሚመታ ከሆነ፣ መድኃኒቱን የቀመሰ ሕዋስ የሚያሳየው የነጥቦች መልክ፣ ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ከተነቀለበት ሕዋስ መልክ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዘረ መሉ በተነቀለበት ሕዋስ ላይ መድኃኒቱ ሲጨመር ደግሞ ምንም አዲስ ነገር መታየት የለበትም። የሆነ ነገር ከታየ፣ መድኃኒቱ ሌላም የሚነካው አካል አለ፤ ይኸውም የጎንዮሽ ጉዳቱ ምንጭ ሊሆን ይችላል። በ2000 እ.ኤ.አ. ይኸው ሐሳብ ሰፍቶ የ300 የተለያዩ ሁኔታዎች መልክ በአንድ መዝገብ ተሰበሰበ፤ ዳይክሎኒን የተባለ የታወቀ የማደንዘዣ መድኃኒት በእርሾ ውስጥ የት እንደሚመታም ከመዝገቡ ተነበበ። በ2006 እ.ኤ.አ. በ164 ውሑዶች ተጀምሮ በሰው ሕዋስ ላይ የተሠራው መዝገብም ከዚህ የተወለደ ነው።

ለወባ ተራው የደረሰው የፋልሲፓረም ሙሉ የዘረ መል ጽሑፍ በጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ ነው። ጽሑፉ 14 ክሮሞሶምና ወደ 23 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊደል ያለው ሲሆን፣ ከአምስቱ ፊደል አራቱ ኤ. ወይም ቲ. በመሆናቸው አንዱን ነጥብ ከሌላው የሚለይ ቁራጭ መምረጥ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነበር። ሆኖም በካሊፎርኒያ የጆሴፍ ዴሪሲ ቤተ ሙከራ በ70 ፊደል ርዝመት ቁራጮችን አሠርቶ፣ ያንኑ የሆንዱራስ ዘር በትልቅ ዕቃ አርብቶ፣ ተሕዋሲው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚያሳልፋቸውን 48 ሰዓታት በየሰዓቱ ናሙና እየወሰደ መረመረ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ከተጠበቀው የተለየ ነበር። ቢያንስ ከመቶ 60 የሚሆነው ዘረ መል በነዚህ 48 ሰዓታት አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣና ይወድቃል፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው እየተነሣ፣ እንደ ሞገድ ይሄዳል። ተሕዋሲው የሚፈልገውን ዕቃ የሚሠራው በሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ነው። ጸሐፊው እንደ መሐንዲስ ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ በሚገባ የተቀናጀ የፋብሪካ የሥራ መርሐ ግብር ይመስለዋል። ሥራቸው ላልታወቀው ከግማሽ በላይ ለሆኑት የወባ ዘረ መሎችም ሰንጠረዡ የመጀመሪያው ፍንጭ ሆነ፤ ከማን ጋር አብሮ እንደሚነሣ የታወቀ ዘረ መል ሥራው ምን እንደሆነ መገመት ይቻላልና።

ይሁን እንጂ ይኸው ሥርዓት ለመድኃኒት ፈላጊዎች ጋሬጣ ሆነባቸው። እርሾ መድኃኒት ሲቀምስ ይጮኻል፤ በሰሌዳው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦች ቀለም ይለውጣሉ። የወባ ተሕዋስ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ለሞት በሚያበቃ መጠን የፎሌትን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሰጥተው የመረመሩ ሰዎች በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ ተሕዋሲው ጉዳቱን ለመቋቋም የሚያደርገው የሚታይ መከላከል የለም፤ መርሐ ግብሩን እንደያዘ ይሞታል። በክሎሮኪን የተደረገውም ምርመራ ያሳየው ለውጥ አነስተኛና ደብዛዛ ነበር። ነገሩ ሲታሰብ ምክንያት አለው። ክሎሮኪን የሚመታው ፕሮቲን አይደለም። ተሕዋሲው ሄሞግሎቢንን ሲፈጭ የሚተርፈውን ሄም የተባለ መርዝ ወደማይጎዳ ድንጋይ መሰል ቅንጣት ይለውጠዋል፤ ክሎሮኪን ይህን መለወጥ ያግዳል። የሚመታው ነገር ዘረ መል የለውም፤ ስለዚህም በዘረ መል ሰሌዳ ላይ ነጥብ የለውም። በነዚያ ዓመታት ስለ ማይክሮአሬይ የተነገረው ተስፋ ከልክ ያለፈ እንደነበር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ይህን ስንል ሁሉም ዝም አለ ማለታችን አይደለም። በሲንጋፖር የዝቢኔክ ቦዝዴክ ቤተ ሙከራ በ2010 እ.ኤ.አ. የ20 ውሑዶችን ምላሽ መርምሮ ብዙ የማይታወቁ ዘረ መሎችን ሥራ ለመገመት በቅቷል።

ማይክሮአሬይ ለወባ መድኃኒት የሰጠው ትልቁ አገልግሎት ከተጠበቀበት በር ሳይሆን ከጓሮ በር የመጣ ነው። የኖቫርቲስ ኩባንያና ተባባሪዎቹ ወደ 12,000 የሚጠጉ ውሑዶችን በወባ ተሕዋስ ላይ ሞክረው ስፓይሮኢንዶሎን የተባለ አዲስ ቤተሰብ አገኙ። የት እንደሚመታ ለማወቅም ተሕዋሲውን በጥቂት በጥቂቱ መጠን እየጨመሩ ለወራት መድኃኒቱን እንዲላመድ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የተላመደውን ዘር ዲ.ኤን.ኤ. ከ4 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ባለው፣ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር እንደ ንጣፍ በሚሸፍን ሰሌዳ ላይ አፈሰሱት። አንድ ፊደል በተለወጠበት ቦታ ቁራጩ በሚገባ አይጣበቅም፤ ነጥቡም ይደበዝዛል። የደበዘዙት ነጥቦች በሁሉም ዘሮች ወደ አንድ ዘረ መል አመለከቱ፤ ይኸውም ፒ.ኤፍ.ኤ.ቲ.ፒ.4 ነው። በኋላ እንደታወቀው ይህ ፕሮቲን ጨውን፣ ማለትም ሶዲየምን፣ ከተሕዋሲው ውስጥ የሚያወጣ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ሲዘጋ ተሕዋሲው በጨው ይሞላል። ጥናቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከዚህ ቤተሰብ የወጣው ሲፓርጋሚን የተባለው መድኃኒትም በሰው ላይ ወደሚደረግ ሙከራ ደርሷል። ለክሎሮኪን ቺምፓንዚና ከአሥር ዓመት በላይ የጠየቀው ጥያቄ እዚህ በወራት መልስ አገኘ። ማን እንደሚመታ ብቻ ሳይሆን፣ ተሕዋሲው ነገ በየት በኩል ሊያመልጥ እንደሚችል መድኃኒቱ ገበያ ሳይወጣ ታወቀ።

በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦዝዴክና ባልደረቦቹ ሰሌዳውን ከቤተ ሙከራ አውጥተው ወደ በሽተኛው ወሰዱት። ከ1,043 ሕሙማን በቀጥታ የተወሰደ ተሕዋስ በማይክሮአሬይ መርምረው፣ አርተሚሲኒንን የተላመደው ወባ የተበላሹ ፕሮቲኖቹን የሚጠግንበትን ክፍል አስቀድሞ አጠናክሮ እንደሚቆይና የመጀመሪያ ሰዓታት ዕድገቱንም እንደሚያዘገይ አሳዩ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ አንገቱን ደፍቶ ያሳለፈ ይተርፋል። ናሙናዎቹ በብዛት የመጡት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነበር።

ከዚህ በኋላ የማይክሮአሬይ ዘመን እያዘቀዘቀ ሄደ። የዲ.ኤን.ኤ.ን ፊደል በቀጥታ የሚያነቡ ማሽኖች ዋጋ በፍጥነት ስለወረደ፣ ነጥብ ከማተም ይልቅ ማንበብ ቀለለ። ጸሐፊው በዚህ ላይ አንድ የግል አስተያየት አለው። የነጥብ ማተሚያው በንድፍ ታትሞ የወጣ፣ ሞተሩና መርፌው የሚታይ፣ በማንኛውም ደህና የማሽን ዎርክሾፕ ሊሠራና ሊጠገን የሚችል ነበር፤ የማንበቢያው ማሽን ግን የተዘጋ ሳጥን ነው። ቢበላሽ ባለሙያው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚጠጣውም ኬሚካል የሚገዛው ከዚያው ከሠራው ኩባንያ ብቻ ነው። ሳይንሱ ቀደመ፤ የእኛ ዓይነቱ አገር መሐንዲስ ግን ከመሣሪያው አንድ እርምጃ ራቀ።

በአገራችን የሆነውን ባጭሩ እናስታውስ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፋንሲዳር የክሎሮኪንን ቦታ ተካ። አምስት ዓመት ሳይቆይ በ11 የመከታተያ ጣቢያዎች በተደረገ ጥናት፣ በ14ኛው ቀን ሳይድኑ የቀሩት በአማካይ ከመቶ 35.9፣ በ28ኛው ቀን ከመቶ 71.8 ሆነው ተገኙ። በ2004 እ.ኤ.አ. አርተሚሲኒን ያለበት ኮአርተም ተተካ፤ የወባውም ሞት ለብዙ ዓመታት ቀነሰ። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተወሰደ ናሙና ኬ.13 በተባለው ዘረ መል ላይ አር.622.አይ. የሚል ምልክት ያለው ለውጥ መገኘቱ ታተመ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ የጠረፍ ወረዳዎች ናሙና የመረመረው ሰፊ ጥናት ይህ ለውጥ ከመቶ 8 በሚሆኑት ተሕዋሳት ላይ እንዳለ አሳየ። አንዳንዶቹ ተሕዋሳት የጣት ደም ተወስዶ በፍጥነት የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ጭምር የጎደላቸው ናቸው፤ መድኃኒቱንም መርማሪውንም ያመልጣሉ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል።

በነዚህ ጥናቶች ላይ ናሙናው የሚሰበሰበው እንዲህ ነው፤ በጠረፍ ጤና ጣቢያ ከሕመምተኛው ጣት ሁለት ሦስት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፣ ይደርቃል፣ በፖስታ ይታሸጋል፤ ፊደሉን የሚያነበው ማሽን ያለበት አገር ድረስም ይጓዛል። መልሱ ተመልሶ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ በ2023 የታተመው ናሙና የተሰበሰበው በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ነበር። ሕመምተኛው ገበሬ እስከዚያ ብዙ ክረምት አርሶ ይሆናል።

ፓዌን በሚመለከት አንድ ነገር ማከል ይገባል። ክሎሮኪን ከመንደሮቹ ፈጽሞ አልወጣም። በኢትዮጵያ ከፋልሲፓረም ሌላ ቫይቫክስ የተባለው ወባ በብዛት የሚገኝ በመሆኑ፣ ለእርሱ የሚሰጠው መድኃኒት በቅርብ ዓመታት በወጡት መመሪያዎችም ጭምር ያው ክሎሮኪን ነው፤ በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቆየውን ለመግደል የ14 ቀን ፕሪማኪን ይጨመርበታል። በማላዊ ክሎሮኪን በ1993 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ሲነሣ የተላመደው ፋልሲፓረም ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጠፍቶ፣ መድኃኒቱ እንደ ጥንቱ መግደል ጀምሮ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ክሎሮኪን በቫይቫክስ ምክንያት በደሙ ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ ያ በ2000 እ.ኤ.አ. የታወቀው የፒ.ኤፍ.ሲ.አር.ቲ. ለውጥ በፋልሲፓረሙ ላይ በብዛት እንዳለ ነው። በበለስ ሸለቆ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የዋጡት መራራ ክኒን ዛሬም በልጅ ልጆቻቸው እጅ አለ፤ በአንደኛው ወባ ላይ ይሠራል፣ በሌላኛው ላይ አይሠራም፤ የትኛው ወባ እንደሆነ የሚለየው በጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ያለው የላቦራቶሪ ሠራተኛ ዓይን ነው።